የተበላው አጥር

ሐይቅ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ደሴ እንደ ወትሮው ጭጋግ ውስጥ ናት ይሉኛል። እዚህ ሐምሌ ደመናውን አሳይቶን ሄደ እንጂ አልዘነበም። እኔ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ነው፤ ታምሜያለሁ እንዳልል ደግሞ በየቀኑ የማያቸው ሰዎች ፊት ያሳፍረኛል። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እጽፋለሁ። ይኸው ነው ደህንነቴ።

ለሌላ ሰው ብጽፍ ኖሮ እዚህ ላይ «እናትህስ ደህና ናቸው ወይ?» እል ነበር። የአገራችን ደብዳቤ ያለዚህ ቃል አይሄድም። አንተን ግን ይህን መጠየቅ ከተውኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በኮሌጁ አዳራሽ ተነሥተህ እናትህ በስልሳ ስድስቱ ረሃብ እንዴት እንደሞቱ፣ የንጉሡ መንግሥትም ረሃቡን ከእንግዳ ዓይን እንዴት እንደሸሸገ ስትናገር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበልህ። እኔ ማጨብጨብ አቅቶኝ እንባዬን ስጠርግ አይተኸኛል። የወደድኩህ ያን ቀን ነው፤ አልክድም።

ለኮሚቴህ የላክሁት ሪፖርት ሦስት ገጽ ነው፤ ቁጥርና ማኅተም አለው። ይህ ማኅተም የለውም። የሚያደርስልህ አያ ሙዘይን ነው፤ የችግኝ ጣቢያችን ሽማግሌ አትክልተኛ። በእጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ብቻህን አንብበው።

ግንቦት ላይ የፈረምክበት ትእዛዝ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሐይቅ መውጫ ላይ ያለው የመጠለያው የሽቦ አጥር እስከ መስከረም ሁለት ድረስ «በፍጥነት በሚያድጉ ሐረጎች» እንዲሸፈን ይላል። ከአጥሩ ግርጌም «መዓዛቸው ከሩቅ የሚያውድ» ተክሎች እንዲተከሉ። ለምን እንደሆነ አይልም። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የተጋበዙ እንግዶች በዚያ መንገድ ያልፋሉ፤ ከሽቦው በስተኋላ ደግሞ ከአምባሰል ተራራና ከየቆላው የወረደ ሕዝብ በሸራና በጆንያ ሥር ተኝቷል። ሐረጉ ለእንግዶቹ ዓይን፣ መዓዛው ለአፍንጫቸው። ስትፈርም ምን አስበህ እንደነበር አላውቅም።

ከትእዛዙም ይልቅ የገረመኝ ለእኔ መላኩ ነው። ውጭ አገር ሄጄ የምማርበት ወረቀት በተፈረመበት ሳምንት፣ በግለ ሂስ ስብሰባ ላይ እጅህን አውጥተህ «ጓዲት ገበሬው ሲራብ አበባ የምታጠና ንዑስ ከበርቴ ናት» ያልክ አንተ ነህ። ዓይኔን እያየህ ነበር። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ሄደ፤ እኔ ወደዚህ ወደ ሐይቅ ዳር ችግኝ ጣቢያ ተመደብኩ። በኋላ ሰው እንደነገረኝ ያኔ የአባትህን ነገር የሚቆፍሩ ነበሩ፤ እኔን ሰጥተሃቸው አንተ ዳንክ። ይሁን። ገበሬው ተርቦ ባልነበረበት ዓመት አበባ መውደዴ ወንጀል ሆኖ ተቀጣሁበት። ዛሬ ገበሬው በእውነት ሲራብ፣ አንተው አበባ አምጪ አልከኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ብል ግን ሌላ ባለሙያ ይመጣል፤ ያ ባለሙያ ደግሞ የአዞ ሐረግ ይተክላል። የአዞ ሐረግ ሽቅብ ሲሮጥ የሚያህለው የለም፤ ነጭ አበባውም ያምራል፤ ቅጠሉ ግን ቆዳ ይልጣል። እንዶድም ቶሎ ይደርሳል፤ ፍሬው ልብስ ያነጣል፣ የሰው ሆድ ውስጥ ከገባ ግን ይገድላል። ቡገንቪሊያ እሾሁ ሳያንስ ሁለት ዓመት ይጠብቁኝ ይላል። መምህራኖቻችን ስለ ሐረግ አመራረጥ ያስተማሩንን ሁሉ ታስታውሳለህ፤ ፀሐይ ይወዳል ወይስ ጥላ፣ ግንብ ይነክሳል ወይስ ገመድ ይፈልጋል። ያን ሁሉ ትቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ። የራበው ሰው እጁን በሽቦው አሹልኮ ቢበላው ይገድለዋል ወይስ ያሳድረዋል?

ስለዚህ ዱባና አደንጓሬ መረጥኩ። ቅልም ጨመርኩበት፤ ባይበላም ውሃ ይይዛል። ከግርጌ ጠጅ ሳር፣ ሪሃንና ጤና አዳም አስተከልኩ። መዓዛ ከተባለ መዓዛ ነው፤ ተፈልቶ ቢጠጣ ደግሞ ቁርጠት ያስታግሳል። በሪፖርቱ ላይ «ፈጣን፣ ሰፊ ቅጠል ያለውና ቢጫ አበባ የሚያወጣ ሐረግ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም።

የኮሚቴህ ተጠሪ ጓድ አምሳሉ በየሳምንቱ በሜትር ሊለካ ይመጣ ነበር። በሰኔ አጋማሽ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አገላበጠና ይሄ ዱባ አይደለም ወይ አለኝ። ሐረግ ነው አልኩት። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ዱባ ነው» አለ። እኔም «ዱባም ሐረግ ነው፣ ጓድ፤ ከፈለጉ መጽሐፍ ላሳይዎት» አልኩት። አያ ሙዘይን ከኋላ ሆኖ፣ «ጌታው፣ ቢጫ አበባው እኮ ለበዓል ነው፤ ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር ሁለት የባንዲራ ቀለም ወጣ፤ ቀዩን ደግሞ ኮሚቴው ይጨምርበት» ብሎ አሳቀው። ሰውየው ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ዋናው ቁመቱ ነው ብሎ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ አያ ሙዘይን ሲጠራኝ «ጓድ ዱባ» ነው።

ውሃውን ከሐይቁ በበርሜል እናመላልስ ነበር። ለሐረጉ የተፈቀደ ውሃ ነበረ፤ ከሽቦው ጀርባ ላሉት ግን ገና አልተፈቀደም። በርሜሉ አጥሩ ሥር ሲደርስ ጣሳ የዘረጋውን ሁሉ አልከለከልንም። ሐረጉም አልጠማውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት መጻፉ ስለከበደኝ ነው።

አደንጓሬው ሐሳቤን አልፈጽም አለኝ። ቡቃያውን በሽቦው ላይ ጠምጥመን እናስረዋለን፤ ሲነጋ ተፈትቶ መሬት ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከሽቦው ወዲያ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ እንዲህ ነው?» አሉኝ። ምን አጠፋሁ እማማ አልኳቸው። «በተቃራኒው እኮ ነው የምታዞሪው። አደንጓሬ የራሱ መንገድ አለው። ሐረግን ወዳልወደደው ብታዞሪው ለጊዜው እሺ ይልሻል፤ ያደረ እንደሆን ይፈታብሻል።» እጃቸውን በሽቦው አሹልከው አንዱን ቡቃያ በሌላው ዙር ጠመጠሙት። ያ ቡቃያ በማግሥቱ አንድ ስንዝር ወጥቶ ጠበቀኝ። የኮሌጅ ዲፕሎማዬን ያኔ ሐይቁ ውስጥ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ አማካሪዬ ሆኑ። የመጠለያው ሰው «እማማ ሐረግ» ይላቸው ጀመር። ስማቸውን አልጽፍልህም። ለምን እንደማልጽፍ ትደርስበታለህ።

ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር ነው የመጡት፤ ገደሉን በእግር ወርደው። ሰው ከቤቱ ሲነቀል ድስት ይይዛል፣ ቁርበት ይይዛል። እሳቸው ከወገባቸው በእርጥብ ጨርቅ የታሰረ የጠንበለል ሥር ብቻ ይዘው መጡ። መንገዱን ሁሉ ከሚጠጡት ጉንጭ እያካፈሉ አርጥበውታል። በቤታቸው መቃን ላይ የነበረ፣ ነጭ አበባው የሚያውድ ሐረግ ነው፤ የአንድ ልጃቸው እትብት በተቀበረበት ላይ የተከሉት። አደባባይ ሲወጣ መዓዛው ይከተለው ብዬ ነው አሉኝ። ልጁም ጠንበለሉን ሲወድ ሲወድ፣ ቅጠሉን በደብተሩ ገጽ መካከል ያደርቀው ነበር።

ሥሩን እኔ እንድተክልላቸው ጨርቁን ሲፈቱት መሐረብ ሆኖ አገኘሁት። ነጭ ነበር፣ አፈር አልብሶታል። በአንዱ ጥግ አምስት ቅጠል ያላት የጠንበለል አበባ ተጠልፋበታለች። አምስተኛዋ ቅጠል ወደ ግራ ትጣመማለች፤ ጠላፊዋ ስትጠልፍ መርፌ ጣቷን ወግቷት ስለነበር። ምናልባት ታስታውስ እንደሆነ፣ እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መሐረብ ሰጥቼህ ነበር። አውቶቡስ ላይ ጠፋብኝ ብለህ ይቅርታ ጠይቀኸኛል።

እጄ ላይ ይዤው ቆየሁ። ከየት አገኙት ብዬ ስጠይቃቸው፣ ልጄ ነው የሰጠኝ አሉ። ከተማ የተማረ፣ ትልቅ ቦታ የደረሰ ልጅ አለኝ፤ ሰው ሳያየው በጨለማ መጥቶ እግሬ ሥር ወድቆ አለቀሰ፤ ይህን መሐረብ ሰጠኝ፤ ሲነጋጋ ሄደ። ለምን አለቀሰ እማማ? አልኩ። ወደ ሐይቁ እያዩ ነገሩኝ። ባለቤታቸው በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹም ነበሩ። ልጃቸው የጭቃ ሹም ልጅ ተብሎ እንዳይባረር በሕይወት ታሪኩ ላይ አባቴ ድሃ ገበሬ ነበረ፣ እናቴም በስልሳ ስድስት በረሃብ ሞታለች ብሎ ጽፏል። ይህን ሊነግራቸውና ይቅርታ ሊጠይቃቸው ነው የመጣው።

ምን አሉት? አልኳቸው።

«ምን እለዋለሁ ልጄ? ለልጅ ይሞታል አልኩት።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ግን ተናደድኩ። አንተ ታውቀኛለህ፤ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል። የድጋፍ ወረቀት ያውጡና ስንዴ ይሰፈርልዎ አልኳቸው። ወረቀቱን የሚሰጠው የመንደራቸው ገበሬ ማኅበር ነው፤ ስም፣ የባል ስም፣ የልጅ ስም ይጻፍበታል፤ ያለ እሱ ራሽን የለም። እሳቸውም ለዚሁ ነው ሳያወጡ የመጡት። ስማቸው ከተጻፈ ይጠየቃል፣ ከተጠየቀ የልጃቸው ነገር ይወጣል። «የሞተ ሰው ስንዴ አይሰፈርለትም፤ ተይኝ እቴ» ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው ሁሉ አለ። ሳቃቸው የወጣት ነው።

እንግዲያው ለልጅዎ እጽፋለሁ፣ ይምጣና ይውሰድዎ አልኩ። ያን ጊዜ ሳቃቸው ቆመ። እጄን ያዙኝ። «አንቺ በምን ታምኛለሽ?» አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ አልኩ። «በይ እንግዲህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ምስክርሽ ይሁን፤ ይህችን ሴት አየሁ ብለሽ ስሜን ለልጄ እንዳትጠሪ፤ እናትህ ናት እንዳትዪ፤ በአፍም በወረቀትም።» ራሳቸው ሰላታቸውን አንድ ወቅት አሳልፈው የማያውቁ ሴት በእኔ ታቦት አማሉኝ፤ እንዳይፈታ ብለው። ማልኩ።

ያን መሐላ ዛሬም አላፈረስኩትም። ደብዳቤውን ከላይ ጀምረህ ብታገላብጠው የእሳቸውንም ሆነ የልጃቸውን ስም አታገኝበትም።

ከእንግዲህ የምጽፈው ስለ ራሴ ነው። መሐላው ብቻ አይደለም ያገደኝ። ሦስት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ ለአንተ ጀምሬ ነበር፤ ስም ሳልጠራ «አንድ ጊዜ ሐይቅ ድረስ ና፣ የምታየው ሐረግ አለ» ለማለት። ሦስት ጊዜም ቀደድኩት። በመጀመሪያው ስለ ማልኩ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ስለ ጠላሁህ ነው። ይለምነኝ፣ እሱ ይፈልገኝ እያልኩ፤ መስከረም ሁለት እንግዶቹን አስከትሎ ሲመጣ በዚህ አጥር በኩል ራሱ ያግኛት እያልኩ። ፊትህን ማየት ፈልጌ ነበር። ለዚህ ስል ሰው አስጠበቅኩ። የሚጠብቀኝ ሰው ግን እንደ አደንጓሬ ቡቃያ ሊያድግ የተቀመጠ አልነበረም።

በደመወዜ የምገዛውን ዱቄት ገንፎ አድርጌ እወስድላቸው ነበር። ግማሹን አጠገባቸው ላለች የሕፃን እናት ሲሰጡ አይቼ ከአጠገባቸው ሳልነሣ አስበላቸው ጀመር። «ወላሂ አትክልተኛ ሳትሆኚ ወህኒ ጠባቂ ነሽ» ይሉኛል። ጠንበለሉን በአጥሩ ጫፍ፣ ሐይቁ በሚታይበት በኩል ተከልንላቸው። ሐምሌን ሙሉ ምንም አላሳየም። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በየጠዋቱ በጥፍራቸው ግንዱን ጫር አድርገው አረንጓዴውን ያሳዩኛል። ሥር እያወረደ ነው፣ ጠንበለል አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው ኮሚቴሽ ነው ይሉኛል።

በነሐሴ መጀመሪያ አጥሩ በእውነት አማረ። ከመንገዱ ለሚያይ ሰው አንድ ወጥ አረንጓዴ ግድግዳ ነበር፤ ቢጫ አበባው ተፈንጥቆበት፣ ዱባው ከሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ። ከውስጥ በኩል ያለው ቅጠልና አበባ ግን በየቀኑ ይሳሳ ነበር። ዘበኞቹ እያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዱባውን ግን እኔው ራሴ ነበርኩ የከለከልኩት። እንግዶቹ ካለፉ በማግሥቱ ሁሉም ይቆረጣል፣ ለሁሉም ይደርሳል፣ እኔም ከጥያቄ እድናለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ከአንተ የተማርኩት ብልሃት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። አምሳሉ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ላከልህ። ደርሶህ ይሆናል። በፎቶው ቀኝ ጫፍ፣ ከቅጠሉ መካከል፣ ልብ ብለህ ካየህ የአንዲት ሴት ጣቶች ሽቦ ይዘው ይታያሉ።

ባለፈው ሳምንት ተቅማጡ ያዛቸው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የታመሙት። ጠጅ ሳሩን አፈላሁ፣ ጨውና ስኳር በጠበጥኩ። መጠለያው ውስጥ ያለው ድሬሰር ቢጠራ የራሽን ካርድ ጠየቀ፤ ካርድ አልነበራቸውም። አርብ ረፋዱ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው ጠንበለሉን አየሽው ወይ አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ሁለት ቅጠል አውጥቶ ነበር፤ እንደ ጆሮ ትንንሽ። ቆርጬ ላመጣላቸው ስል አይ ተይው፣ ገና ሕፃን ነው አሉ።

ቀጥለው፣ «ሰደቃዬን አታስቀሪብኝ» አሉኝ። «ሰው በልቶ ዱዓ ካላደረገልኝ እንደ ውሻ ነው የምሄደው። ለሰደቃ የሚያርደው ልጅ ነበር።» በሬ ከየት ላምጣ እማማ አልኳቸው እያለቀስኩ። ያ የወጣት ሳቃቸው ከንፈራቸው ላይ መጣ። «በዚህ ዘመን ዱባም በሬ ነው።»

በጁምዓ ሰዓት አረፉ።

ከውጫሌ የመጣች አንዲት ሴት አጠበቻቸው። ለከፈን የሚሆን ነጭ ጨርቅ በመጠለያው ስላልነበረ እኔ ነጠላዬን ሰጠሁ፤ ጥለቱን ቀድጄ። አያ ሙዘይንና ወንዶቹ ሰግደው ቀበሯቸው፤ በአጥሩ ጫፍ፣ ጠንበለሉ ከራስጌ ሆኖ። አያ ሙዘይን እንደ ወጉ መቃብሩ ላይ እሬት ተከለ። እሬት ውሃ አይለምንም፣ የሚያስታውሰው ባይኖርም አይሞትም አለኝ።

ከዚያ ቢላዋ ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

መስከረም ሁለት ሊደርስ ጥቂት ቀን እንደቀረው አውቃለሁ። ምን እንደሚደርስብኝም አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ዱባ ቆረጥኩ። አያ ሙዘይን ዱባውን ከእጄ ተቀብሎ፣ እንባው እየወረደ፣ «ጓድ ዱባ፣ ይሄን ደግሞ እንደሚታረድ በሬ ወደ ቂብላ ላዙረው?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ያለ ሳቅ ስቄ አላውቅም፤ ከለቅሶው አይለይም። ሕዝቡም መጣ። የሰደቃ ነው ተባለ። ማንም አልተጋፋም። ለሰደቃ የመጣ ሰው ራሱን ይገዛል፤ ተርቦም ቢሆን። ዱባው በበርሜል ተቀቀለ፤ አደንጓሬው፣ ቅጠሉ፣ የሐረጉ ጫፍ ሳይቀር ተጨመረበት። በልተው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። የሟቿን ስም ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ «ለእማማ ሐረግና ለልጃቸው» እያሉ ነው የመረቁት። ቆሜ ሰማሁ። ለልጃቸው ረጅም ዕድሜ ለመኑለት።

ሰኞ ጠዋት አምሳሉ ሲመጣ አጥሩ የለም። ሽቦና የደረቀ ጭራሮ ነው ያለው። በሽቦው ውስጥ ሰዎቹ ከመንገዱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሜትሩን በእጁ እንደያዘ ቆመና፣ «አጥሩ የት ሄደ?» አለ። አያ ሙዘይን ተበላ አለው። ማን ነው የበላው ብሎ ጮኸ። አያ ሙዘይን፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ጌታው፣ ሰደቃ ነው። ሰደቃ ማን በላው አይባልም» አለው።

በአንተ ፊርማ የመጣው መጥሪያ ትናንት ደረሰኝ። አሻጥር ይላል። ጳጉሜ አራት ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የበላተኞቹን ስም ዝርዝር እንዳስረክብ ያዛል። እቀርባለሁ። ሻንጣዬንም አዘጋጅቻለሁ፤ ከዚያ የት እንደምትልኩኝ ስለማላውቅ ሹራብ ጨምሬበታለሁ። ዝርዝር ግን አላመጣም። ከዚያ ሁሉ የመጠለያ ሰው መካከል በእርግጥ የማውቀው ስም አንድ ነው፤ እሱንም ማልኩበት። የእኔን ስም ብቻ ጻፍ። አበባ ወዳዷ ንዑስ ከበርቴ በለኝ፤ አሁን አይቆጠቁጠኝም።

ትንሽ ነገር ላክሁልህ። መሐረብ ነው፤ አጥቤዋለሁ፣ ግን የአምባሰል አፈር ከክሩ አልለቅ ብሏል። ውስጡ ከጠንበለሉ የተነቀለ አንድ ሥር አለ፤ ከአፈሩ ጋር ነው ያወጣሁት። ደሴ እስኪደርስ አያ ሙዘይን በውሃ ያርሰዋል። ጥላ ባለበት፣ ከበር አጠገብ ትከለው። ምንም አላሳየህም ብለህ አትንቀለው፤ በጥፍርህ ጫር አድርገህ እየው። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ስም አልጠራሁም። መሐረቡ ግን አልማለም።

አንድ ነገር ስለ አጥሩ። ትእዛዙ የአንተ ነበር፣ ዘሩም በአንተ ፊርማ ነው የወጣው። ስለዚህ ያ ሰደቃ በአንተ የወጣ ነው። ሳታውቀው ቢሆንም ደርሷል፤ ሰው በልቷል፣ ዱዓውም ተደርጓል። ይህን ማንም ኮሚቴ አይወስድብህም።

ደብዳቤ ያለ ምርቃት አይዘጋምና ልመርቅህ። ጉልበትህን ይጠግንልህ። ከሚያባርርህ ፍርሃት ያሳርፍህ። ያኔ በአዳራሹ ያለቀስኩት እንባ ውሸት ነበረ እያልኩ ብዙ ጊዜ ተቆጭቻለሁ። አሁን አልቆጭም፤ እንባው እውነት ነበር፣ ዓመቱን ብቻ ነው የሳተው። በእኛ ቤት በዚህ ጊዜ የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ እኔ ግን አንተ ባደግህበት ቤት በሚባለው ልሰናበትህ።

አላህ ሶብሩን ይስጥህ።

የቀድሞ ወዳጅህ፣
ነጠላዬ ከእሳቸው ጋር ያለ